ከሲቪዬ ያወጣኋቸው ሁለት ዓመታት

ፍኖተ ሰላም፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ካለው የኮምፒዩተር ጽሕፈት ሱቅ ተቀምጬ ሲቪዬን ሳስጽፍ፣ የምትጽፍልኝ ሴትዮ አራተኛው ሥራዬ ላይ ስትደርስ ጣቷን ከቁልፎቹ አነሣችና ዞር ብላ አየችኝ።

«ይኼ ሁሉ የአንድ ሰው ነው?»

እኩያዬ ናት። የክስና የይግባኝ ወረቀቴን ሁሉ የምትጽፍልኝ እሷ ስለሆነች እንደ ልቧ ትናገረኛለች። የአንድ ሰው መሆኑን ነገርኳት።

«እንዲያው አንድ ቦታ አልረጋ ብለሽ ነው?» አለችና ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። መልማዮቹ ይጠይቁኛል ብዬ ሰሞኑን ሁሉ ስፈራው የከረምኩትን ጥያቄ ነው እንደ ቀልድ ጣል ያደረገችው።

ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች እንደሚፈለጉ ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር። የሕግ ዲግሪ ያለው፣ አሥር ዓመት በሕግ ሥራ የቆየ፣ እያንዳንዱንም ዓመት በማስረጃ የሚያሳይ ይላል። ሰው ሲጠይቀኝ «እስቲ ልሞክረው ብዬ ነው» እያልኩ አቃልለው ነበር። ውሸቴን ነው። ያንን ወንበር አጥብቄ እፈልገው ነበር። የሥራ ዘመኔን ሁሉ ያሳለፍኩት ወይ የሌላ ሰው ውሳኔ ስጽፍ፣ ወይ አንዱን ወገን ይዤ ሌላውን ስገፋ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ሁለቱንም በወጉ ሰምቼ፣ እውነቱ የቱ ጋ እንዳለ ራሴ ፈልጌ፣ ራሴ ልወስን ብዬ ተመኘሁ። ዕድሜዬም ወደ አርባ እየገፋ ነው፤ ይኼኛው ካመለጠኝ ሌላው መቼ እንደሚወጣ ማን ያውቃል?

ችግሩ የሥራ ታሪኬ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ደምበጫ ረዳት ዳኛ ሆኜ ሁለት ዓመት የምስክር ቃል ስመዘግብ ከረምኩ። ቀጥሎ አንድ ወረዳ ዐቃቤ ሕግ ሆንኩ፤ ሦስት ዓመት። የትኛው ወረዳ እንደሆነ ይቅር፤ የተጣላሁት ከሰው እንጂ ከአገሩ አይደለም። ኃላፊዬ ማስረጃ የሌለው ክስ ፈርሚ አለኝ። አልፈርምም አልኩ። ድምፁን ከፍ አደረገ፤ እኔ ከሱ የባሰ ከፍ አደረግሁና በዚያው ሰዓት መልቀቂያዬን ጽፌ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለት። እናቴ ይህን ጠባይሽን ከአባትሽ ነው የወረስሽው ትለኛለች፤ አባቴ በሕይወት በነበረ ጊዜ ደግሞ ከእናትሽ ነው ይለኝ ነበር። ኃላፊውም እልኸኛ ኖሮ የክሊራንስ ወረቀቴን ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘብኝ። ክሊራንስ ከሌለ የጥብቅና ፈቃድ የለም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ዘወር ብሎ አያይሽም።

ስለዚህ ቡሬ፣ እናቴ ቤት ገባሁ። ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብዬ በወረዳው ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ከሚጽፉ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ፤ ሁለት ዓመት። ክሊራንሱ ሲለቀቅልኝ የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር የሕግ ክፍል ገባሁ፤ ሁለት ዓመት። በመጨረሻ ፈቃድ አውጥቼ ፍኖተ ሰላም ላይ ጠበቃ ሆንኩ፤ እሱም ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ሁሉም ሲደመር አሥራ አንድ ይመጣል። የፍርድ ቤቱን በር ካወጣሁት ዘጠኝ።

በጊዜ ቅደም ተከተል ስደረድረው ከአጥር አጥር የምትዘል ላም እመስላለሁ። ስለዚህ በሥራ ዓይነት ከፋፈልኩት፦ ምስክር መስማትና ቃል መመዝገብ፣ ምርመራ መምራትና ክስ ማዘጋጀት፣ ውል መመርመር፣ በችሎት መከራከር። እንዲህ ሲሆን ያምራል። ያቺ መርጋት ያልቻለችው ሴት የፍርድ ቤቱን ወንበር ሁሉ በየተራ ቀምሳ ያየች ሴት ትሆናለች። እያንዳንዱ ሥራ ያስተማረኝን በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩበት። ደምበጫ ዝም ብሎ መስማት፣ ዐቃቤ ሕግነት መጠራጠር፣ ማኅበሩ ነገር ሳይበላሽ አስቀድሞ ማየት። ስጽፈው ደስ አለኝ፤ ለካ ዝም ብዬ አልተንከራተትኩም ብዬ አሰብኩ። ነገር ግን መልማይ ያማረ ዓረፍተ ነገር አይቆጥርም፤ ዓመት ነው የሚቆጥረው። ከታች ሠንጠረዥ ማስገባት ነበረብኝ፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ የት፣ የማስረጃው ደብዳቤ ቁጥር።

«ይቺን መካከል ላይ ያለችውን ሁለት ዓመት ምን ልበላት?» አለችኝ ጸሐፊዋ።

«ዝለያት» አልኳት።

«የት ነበርሽ?»

«ዝለያት አልኩሽ እኮ!»

ድምፄ ለራሴም ከበደኝ። ሴትዮዋ ወደ ኮምፒዩተሯ ዞረች።

እኒያን ሽማግሌ ቡሬ ውስጥ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። የሽንዲ ሰው ናቸው። የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ጉልበታቸው ሲደክም ጉባኤያቸውን ለደቀ መዝሙራቸው አስረክበው ከፍርድ ቤቱ በር ላስቲክ ወጥረው ማመልከቻ መጻፍ ጀመሩ። መሣሪያቸው መቀመጫም መጻፊያም የሆነች አንድ ሳንቃ፣ አንድ ደስታ ወረቀትና ሁለት ብዕር ነው። ከሁሉ በፊት ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ በቀኝ ራስጌ ይጽፋሉ፤ ቀን ሳይጻፍ ባለጉዳዩ አፉን እንዲከፍት አይፈቅዱለትም። እኔ የሕግ ዲግሪ ይዤ ስመጣ የመጀመሪያውን ማመልከቻዬን አንብበው፣ «ይኼ የማን ነው፣ ያንቺ ነው የሴትዮዋ?» አሉኝ። የሴትዮዋ ነው አልኩ። «ታዲያ ሴትዮዋ የት አለች?» ብለው ቀደዱት። በጣም ተናደድኩ። በማግስቱ ግን ተመልሼ ሄድኩ።

በዚያ በር ከሁለታችን በቀር የሚጽፍ ስላልነበረ ከሳሽም ተከሳሽም ወደ እኛ ነው የሚመጣው። ዛሬ ሚስት መጥታ እኔ ጋ ከተቀመጠች፣ በሳምንቱ ባል መጥሪያውን ይዞ የኔታ ጋ ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን የኔታ ሳንቃቸውን አንሥተው ከበሩ ወዲያ ማዶ ይሻገራሉ። ያ ጉዳይ እስኪወሰን ድረስ ከሰላምታ በቀር አንነጋገርም፤ ምሳችንን እንኳ ለየብቻ ነው የምንበላው። ማንም አላዘዘንም። እሳቸው ያወጡት ደንብ ነው፤ እኔም በኋላ ከእሳቸው ብሼ ጠባቂው ሆንኩ። ከሽንዲ በኩል የመጣ አንድ የድንበር ክርክር ሦስት ወር አኮራርፎናል። የአገሩ ሰው «ዛሬ ደግሞ የኔታና ልጃቸው ተጣልተዋል» እያለ ይስቅብን ነበር።

ይህን ሁሉ አሁን በፍቅር ነው የምጽፈው። ያኔ ግን በዚያ በር አብሮኝ የተማረ ዳኛ ሲገባ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደርግ ነበር። ከፀሐዩ ነው እል ነበር ለራሴ።

እናም ማስረጃ የሚለው ሣጥን ላይ ስደርስ፣ የኔታ ማኅተም የላቸውም አልኩ። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ደግሞ ማን ይቀበላል? ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት፤ ትክክለኛ የሕግ ክርክር ስለሚመስል አረካኝ።

በማግስቱ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ሥራ አስኪያጅ ላገኘው ሄድኩ። ደግ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ማኅበሩን ሊያፈርስ የነበረ ውል ሳይፈረም ስለያዝኩለት ውለታዬን አይረሳም። ጥፋቱን ወደ እሱ ማላከክ አልፈልግም፤ የልምድ ደብዳቤውን አርቅቄ የወሰድኩለት እኔ ራሴ ነኝ። ሥራዬን ዘርዝሬ፣ ደመወዜን ጽፌ፣ የገባሁበትን ዓመት ባዶ አድርጌ ተውኩት። ባዶውን ቦታ አየና ቀና ብሎ አየኝ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«እርስዎ ይሙሏት ብዬ ነው።»

«ስንት ይጎድልሻል?»

«አንድ። ሁለት ቢሆን ደግሞ ክፍተቱ ይገጥማል።»

«ለዚች ብለሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው?» አለና ብዕሩን አነሣ። ሁለቱ ዓመት አራት ሆነ። ማኅተሙን በቀለሙ ነክሮ ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፈው ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። እኔ ሰውን በሐሰተኛ ሰነድ የከሰስኩ ሴት፣ ስንት ዓመት እንደሚያስቀጣ ቁጥሩን ከነአንቀጹ የማውቅ ሴት፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ሠንጠረዡ በደብዳቤው ልክ ተስተካክሎ ማመልከቻው ገባ። ወር ሳይሞላ የታጩት ዝርዝር ወጣና ስሜ ከመካከሉ ተገኘ። እዚህ ላይ የረሳሁት ነገር ነበር። ለዳኝነት የታጨ ሰው ስም በየወረዳው ፍርድ ቤት ይለጠፋል፤ ሕዝቡ ስለ ጠባዩና ስለ ሥራው የሚያውቀውን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠየቃል። ረስቼው ነበር ከምል ሸሽቼው ነበር ብል ይሻላል።

በዚያ ሳምንት ቡሬ ቀጠሮ ነበረኝ። መንገዱ ክፍት መሆኑን መናኸሪያ ጠይቄ በጠዋት ተሳፈርኩ። ከፍርድ ቤቱ በር ስደርስ የኔታ ከሳንቃቸው ተነሥተው ቆመው ጠበቁኝ። ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ባለጉዳይ ስሜን አንብቦላቸው ኖሯል።

«ነይማ፣ ነይማ ልጄ! እሰይ! ይኸው፣ እኔ ሳልሞት!» እያሉ በሁለት እጃቸው ጭንቅላቴን ይዘው ባረኩኝ። በዙሪያቸው ለነበሩት ገበሬዎች፣ «ይቺ ናት፤ እዚህ፣ እዚችው ላይ ነበረች የምትቀመጥ» እያሉ ሳንቃቸውን መታ መታ አደረጉ። ገበሬዎቹ ብድግ ብለው እጅ ነሡኝ።

እኔ መሬቱን አየሁ።

«አስተያየት ስጡ ይላል እኮ ማስታወቂያው» አሉ የኔታ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ፈጥኜ ከለከልኳቸው። «የኔታ፣ እርስዎ አይድከሙ። ይኼ ለፎርሙ ያህል ነው፤ የሚያነበውም የለ።»

«ምነው ልጄ? ለስንቱ ሌባና ቀማኛ ስጽፍ የዋልኩ ሰውዬ ላንቺ ይደክመኛል?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። የኔታ፣ እባክዎ አይጻፉ፣ ሁለቱን ዓመት ሌላ ቦታ ነበርኩ ብያለሁ ማለት ነበረብኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ያ ፊታቸው እንደዚያ በርቶ ሳለ፣ አልቻልኩም። ደግሞ በልቤ አንድ ክፉ ሐሳብ ነበረች፦ ዓይናቸው ደክሟል፣ ክረምቱም እየገባ ነው፣ ምናልባት ይተዉት ይሆናል። ችሎት ገብቼ ወጣሁ፤ ምን እንደተከራከርኩ ዛሬ አላስታውስም። ስመለስ በሌላው በር ዞሬ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። እናቴ ስትደውል እንኳ «ምን ሆንሽ?» ብዬ ነው የማነሣው። ቡሬ ሄጄ የኔታን ላቆማቸው ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። አንድ ጊዜ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ፤ ሁለተኛውን ቀን ክፍት ነበር፣ መኪናውም ሞልቶ ሊወጣ ሲል ወረድኩ። ረዳቱ ሰድቦኝ ሄደ።

የቃለ መጠይቁ ቀን ደረሰ። ፍኖተ ሰላም፣ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ጠና ያሉ ሴት ዳኛ ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። በቀኛቸው አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ በግራቸው ደግሞ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው አለ።

ወፍራሙ ሰውዬ የፈራሁትን ጥያቄ በመጀመሪያ አነሣ። «ብዙ ቦታ ሠርተዋል። ዳኝነትንስ እስከ መቼ ነው የሚቆዩበት?»

ለዚህስ ተዘጋጅቼ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ያየሁትን ጉድለት ጠበቃ ሆኜ እንደተጠቀምኩበት፣ ረዳት ዳኛ ሆኜ የመዘገብኩት የምስክር ቃል መስቀለኛ ጥያቄ እንዳስተማረኝ፣ በማኅበሩ ደግሞ ሰው ፍርድ ቤት ሳይደርስ የሚያበላሸውን እንዳየሁ አስረዳሁ። ሥራዎቼ የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ አንዱን ጉዳይ ከአራት ወገን ማየት ናቸው አልኩ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ሰብሳቢዋም ፈገግ አሉ። አንድ ሁለት የሕግ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ያለፍኩ መሰለኝ።

«የሕዝብ አስተያየት ደርሶናል» አሉ ሰብሳቢዋ። «አብዛኛው አጭር ነው። ይኼኛው ረዘም ይላል፤ ላንብበው።»

ፖስታውን ሲከፍቱ ወረቀቱ ገና ሳይዘረጋ አወቅኩት። ቀኑ በቀኝ ራስጌ ተጽፏል።

«ለሚመለከተው ሁሉ» ብለው አነበቡ። «ይህን የምጽፍ በቡሬ ወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ በመጻፍ የምኖር ሽማግሌ ነኝ። ለዳኝነት ከታጩት አንዲቱን አውቃታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ሳንቃ ተቀምጠን ጽፈናል።» ከዚህ ቀጥሎ የተቀመጥኩበት ቀን ከነወሩና ከነዓመተ ምሕረቱ፣ የተነሣሁበትም እንዲሁ ነበር። «እኔ ለአንዱ፣ እርሷ ለሌላው ስንጽፍ የባለጉዳይዋን ምስጢር ለእኔ ገልጣልኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ከሽንዲ በመጣው የድንበር ክርክር ሦስት ወር ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። በመጨረሻ የእርሷ ወገን ረታ። የተረታውን የእኔን ባለጉዳይ እጁን ይዛ፣ የይግባኙ ቀን እንዳያልፍበት የነገረችው ግን እርሷ ናት። ቁጡ ናት፤ ይህንን አልሸሽግም። ቁጣዋ ለራሷ ሲሆን አይቼ አላውቅም። እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ ነገር ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ይህች ልጅ በእኔ ላይ ብትፈርድ አልፈራም።»

ቃለ ጉባኤ ያዡ መጻፉን አቆመ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እውነቱን ልንገርዎት፤ ካቀረቡት ወረቀት ሁሉ ዳኛ የሚመስል ነገር ያየሁት እዚህ ላይ ነው።» ከዚያ የማኅበሩን ደብዳቤ ከፋይሉ አወጡና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። «ያልገባኝ ነገር አለ። እነዚህ ሁለት ዓመታት እዚህም አሉ፣ እዚያም አሉ።»

ጎን ለጎን ያሉትን ወረቀቶች አየሁ።

ሰብሳቢዋ ጠበቁኝ። ክፉ ሴት አይደሉም። «ሽማግሌ ናቸው» አሉ ቀስ ብለው። «ዓመቱን አምታትተውት ይሆናል። እንደዚያ ነው?»

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። አዎ ማለት ብቻ ነው። አዎ ብል ማኅተሙ ይመሰክርልኛል፣ ሥራ አስኪያጁም ቢጠየቅ አይክደኝም። የኔታ ዓይናቸው የደከመ፣ ማኅተም የሌላቸው፣ ከበር ላይ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ወንበሩ ከፊቴ ነበር፤ የሚለየኝ አንዲት ቃል ናት። ቃሏን አፌ ውስጥ አዘጋጀኋት። ከዚያ እኒያ ሰው ቀኑን ሳይጽፉ ባለጉዳይ አፉን እንዲከፍት እንደማይፈቅዱ ትዝ አለኝና፣ በዚህች በማይሳሳቱባት ነገር ተሳስተዋል ልላቸው መሆኑ ገባኝ። ዕንባዬ መጣ፤ ከንዴት የመጣ ዕንባ ነው፣ በራሴ ላይ።

«አልተሳሳቱም» አልኩ። «የተሳሳተው ደብዳቤው ነው። ዓመቱን ባዶ አድርጌ ወስጄ ያስሞላሁት እኔ ነኝ።»

ወፍራሙ ሰውዬ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ሰብሳቢዋን አየ፤ ጻፍ አሉት። ጻፈ።

«ለምን?» አሉኝ ሰብሳቢዋ። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ነበረ።

«ማኅተም ያለው ማስረጃ ስላልነበረኝ።»

«እኒህን ሽማግሌ ይዘው፣ ሁለት ምስክር ጨምረው፣ በቃለ መሐላ አረጋግጠው ቢያመጡልን እኮ እንቀበልዎት ነበር። ይህንን ደግሞ አንድ ጠበቃ አያጣውም።»

አላጣሁትም ነበር። ለባለጉዳይ ቢሆን በግማሽ ሰዓት የምጨርሰው ሥራ ነው። ይህን አልነገርኳቸውም፤ የምናገረው ሁሉ አልቆብኝ ነበር።

ማመልከቻዬ ተሰረዘ። የጥብቅና ፈቃዴን በሚመለከት ጉዳዩ ወደሚያየው ክፍል እንደሚመራና በጽሑፍ እንደሚያሳውቁኝ ነገሩኝ፤ ይህን እስከምጽፍ ድረስ ደብዳቤው አልደረሰኝም። ስወጣ ጸሐፊዋ ከሱቋ በር ላይ ሆና በእጇ «እንዴት ሆነ?» አለችኝ። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁላት። ገብታ ወንበር አወጣችልኝ፤ እዚያ ለረዥም ሰዓት ተቀመጥኩ።

በሁለተኛው ቀን ቡሬ ሄድኩ። ይህችን እንኳ በስልክ ልጨርሳት አስቤ ነበር፤ የኔታ ስልክ ስለሌላቸው ዳንኩ። ጠዋት ነው፣ ዝናቡ አባርቷል። አንድ ገበሬ መጥሪያውን ይዞ ተራውን ሲጠብቅ አገኘሁ። የኔታ ድምፄን ሲሰሙ ቀና አሉ።

«አለፍሽ?»

«አላለፍኩም የኔታ።»

«ምነው? ጽሑፌ አልደረሰ ይሆን?»

«ደርሷል። አንብበውታል። እንደዚያ ያለ ነገር ስለ እኔ ማንም ጽፎ አያውቅም።» ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ባዶውን ቦታ፣ ደብዳቤውን፣ ማኅተሙን፣ ያነጻጸሩትን ሁለት ወረቀት። ስነግራቸው ፊታቸውን አላየሁም።

እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እንግዲያ የጣልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«ኧረ በፍጹም! ራሴን የጣልኩት እኔው ነኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ እሳቸው ጋ ነበርኩ ብትዪ ምን ነበረበት?» ድምፃቸው ሰለለ። እጃቸው ሳንቃው ላይ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ጀመረ፤ ወረቀቱ ግን ጠማማ አልነበረም። «ማኅተም ስለሌለኝ ነው?»

አዎ ብላቸው ሁለታችንም እናርፍ ነበር። ደንቡ ነው፣ መንግሥት ነው፣ ምን ይደረግ እያልን አብረን እናማርር ነበር። እሳቸውም ያንን መልስ እየጠበቁ ነበር፤ ለራሳቸው ብለው ሳይሆን ለእኔ ብለው መሆኑም ያስታውቅ ነበር።

«አይደለም የኔታ» አልኳቸው። «አፍሬብዎት ነው።»

ያ ገበሬ መሬት መሬት አየ። የኔታ ብዕራቸውን ከድነው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ በደከመው ዓይናቸው ሰውየው ወዳለበት አቅጣጫ ዞረው፣ «ወንድሜ፣ ዛሬ አልጽፍም፤ ነገ ና» አሉት። አብሬያቸው በተቀመጥኩበት ሁለት ዓመት ባለጉዳይ ሲመልሱ አይቼ አላውቅም።